ለትንሽ ትራክተር የኋላ የሃይድሮሊክ መውጫ ስለ መግጠም፦ ጥያቄና መልስ

በእርሻ መሣሪያ ሃይድሮሊክ ጥገና ረዘም ላለ ጊዜ ስለሠራሁ፣ ብዙ አባላት አንድ ዓይነት ጥያቄ በየግላቸው ይልኩልኛል፤ ስለዚህ ሁሉንም እዚህ በአንድነት እመልሳለሁ። የምንነጋገረው ከ20 እስከ 50 የፈረስ ጉልበት ስላላቸው፣ ከፋብሪካ ሲወጡ የሦስት ነጥብ ማንሻ (ማረሻ የሚያነሱትን የኋላ ክንዶች) ብቻ ይዘው ስለመጡና ባለቤቶቻቸው ገልባጭ ተሳቢ ወይም ሌላ ጃክ ያለው መሣሪያ ሊያሠሩባቸው ስለሚፈልጉ ትራክተሮች ነው። የትራክተሩን ሞዴልና የፓምፑን ዓይነት ሳትገልጹ አትጠይቁ።

ጥያቄ፣ ከአሰላ፦ ጋሼ፣ 35 የፈረስ ጉልበት ያለው የህንድ ሥሪት ትራክተር አለኝ፤ ፓምፑ ከሞተሩ ጎን የተገጠመ የማርሽ ፓምፕ ነው። ባለ አንድ ጃክ ገልባጭ ተሳቢ ገዝቻለሁ። መካኒካችን ከፓምፑ የሚወጣውን ቧንቧ ቆርጦ ባለ ሦስት አፍ መገናኛ በማስገባት መስመር ወደ ኋላ ሊስብልኝ ነው። ይሠራል?

መልስ፦ አይሠራም። ከዚህ በታች የሚመጣው ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ስለሆነ ምክንያቱን በደንብ ይረዱልኝ። የማርሽ ፓምፕ ሞተሩ እስከዞረ ድረስ ሳያቋርጥ ዘይት ይገፋል። ምንም ነገር በማይነሳበት ጊዜ ያ ዘይት በማንሻው ቫልቭ መሐል አልፎ ያለ ጫና ወደ ካምቢዮው ቤት፣ የሃይድሮሊኩ ዘይት ወደሚቀመጥበት፣ ይመለሳል፤ ኦፕን ሴንተር የሚባለው አሠራር ይህ ነው። መንገዱ ላይ ባለ ሦስት አፍ መገናኛ ብቻ ቢገባ ዘይቱ ቀላሉን መንገድ ይመርጣል፤ ተሳቢው ሊነሳ የሚችለው የኋላ ክንዶቹ ከባድ ነገር እያነሱ መስመሩ ውስጥ ጫና በተፈጠረበት ቅጽበት ብቻ ይሆናል፣ ያኔም ሁለቱን ለይቶ ማዘዝ አይቻልም።

የሚያስፈልግዎ በፓምፑና በማንሻው መካከል የሚገባ መቆጣጠሪያ ቫልቭ ነው፤ ያም ቫልቭ ከጃኩ አፎች ሌላ ሦስት አፍ ሊኖረው ይገባል። በአንዱ ከፓምፑ ይቀበላል፤ በሁለተኛው ከጃኩ የተመለሰውን ዘይት በቀጥታ ወደ ካምቢዮው ቤት ይሰዳል፤ በሦስተኛው፣ ፓወር ቢዮንድ በሚባለው፣ ያልተጠቀመበትን ዘይት ከነሙሉ ጫናው ወደ ማንሻው ያሳልፋል። ሰዎች የሚቆጥቡት ይህን ሦስተኛውን አፍ ነው። ሁለት አፍ ብቻ ያለው ቫልቭ ይገዙና የመመለሻውን አፍ ከማንሻው ጋር ያገናኛሉ። ማንሻው ከባድ ማረሻ ባነሳ ቁጥር ጫናው ወደ ኋላ ተመልሶ በመመለሻው ክፍል ላይ ያርፋል፤ ያ ክፍል ደግሞ ለዚያ ጫና የተሠራ አይደለም። ወደ እኔ በመጣ አንድ ቫልቭ ላይ፣ ቀለሙ ተጠርጎ በናፍጣ ከታጠበ በኋላ፣ ከመመለሻው አፍ ተነስቶ ብረቱን አቋርጦ እስከ ማሰሪያው ብሎን ቀዳዳ የሚደርስ ቀጭን ስንጥቅ ታየ። ባለቤቱ ለወራት ኦሪንግ (የማሸጊያ ጎማ ቀለበት) ሲቀያይር ቆይቶ ነበር።

ቅደም ተከተሉም ይታወቅ፦ ፓምፕ፣ ከዚያ የፊት ሎደር (አፈር መዛቂያ) ካለ የእርሱ ቫልቭ፣ ከዚያ አዲሱ የኋላ ቫልቭ፣ በመጨረሻ የሦስት ነጥብ ማንሻው። ማንሻው የሚጨርሰው ዘይቱን ወደ ካምቢዮው ቤት የሚያፈስሰው እርሱ ስለሆነ ነው። በብዙ ቫልቮች ላይ ሦስተኛውን አፍ የሚከፍተው የፓወር ቢዮንዱ እጅጌ ለብቻው የሚገዛ ሲሆን፣ በመልክ የሚመስለው፣ የመሐሉን መንገድ የሚዘጋ የክሎዝድ ሴንተር መድፈኛም አለ፤ ያኛው ከገባ ፓምፑ መውጫ ያጣና ዘይቱ ሁሉ ጫና ሲበዛ በሚያስተነፍሰው በሪሊፍ ቫልቩ እየጮኸ ያልፋል።

ጥያቄ፣ ከደብረ ማርቆስ፦ ቫልቩ ስንት ብር ያወጣል? የትኛው ብራንድ ይሻላል?

መልስ፦ ስለ ዋጋ አልመልስም። ብራንዱን ትተው ሦስተኛው አፍ እንዳለው ይመልከቱ።

ጥያቄ፣ ከጎባ፦ እኔ ማሲ ፈርጉሰን 240 አለኝ። እርስዎ እንዳሉት ቫልቭ በፓወር ቢዮንድ ልገጥም ብዬ ብፈልግ ከፓምፑ ወደ ማንሻው የሚሄድ የውጭ ቧንቧ የለም። የት ልግባ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። በአገራችን ለብዙ ዓመታት ካገለገሉት ትራክተሮች ብዙዎቹ የዚህ ቤተሰብ ናቸው፤ ከላይ የጻፍኩትም በእነርሱ ላይ እንዳለ አይሠራም። በፈርጉሰን አሠራር ፓምፑ ባለ አራት ፒስተን ሆኖ በትራክተሩ ሆድ ውስጥ ዘይት ውስጥ ተጠልቆ ይቀመጣል፤ የሚቆጣጠረው ቫልቭም በመውጫው ላይ ሳይሆን በመሳቢያው ላይ ነው። ማንሻው ካልታዘዘ ፓምፑ ዘይት ስለማይስብ ምንም አይገፋም። ስለዚህ ሳያቋርጥ የሚዞር ዘይት የለም፤ ኦፕን ሴንተር ቫልቭ ገጥመው ዘንጉን ቢስቡም ምንም አይመጣም።

መግቢያው ከመቀመጫው በታች፣ በማንሻው ክዳን ላይ፣ የፓምፑ ቋሚ ቧንቧ በሚወጣበት ቦታ ያለችው ትንሽ ክዳን ናት። እርሷ ተነስታ በምትኳ የዘይት መውጫ ያለው ክዳን ይገባል። በዚህ ብቻ ቢቆሙ ክንዶቹና ተሳቢው አንድ መስመር ይጋራሉ፤ ቀለል ያለው ሸክም ቀድሞ ይነሳል፣ ብዙውን ጊዜም ባዶ ክንዶቹ ጫፍ ሳይደርሱ ተሳቢው አይንቀሳቀስም። መለያ ቫልቭ ያለው ብሎክ ከገጠሙ ግን ዘይቱን ወደ ክንዶቹ ወይም ወደ ውጭ መምረጥ ይችላሉ፤ ባለ አንድ ወገን ጃክ (ዘይት የሚያነሳው፣ በክብደቱ የሚወርድ) ያለውን ተሳቢም በራሱ በማንሻው ዘንግ ያነሳሉ፣ ያወርዳሉ። ለብቻው የሚታዘዝ ቫልቭ ከፈለጉ ደግሞ የክንዶቹን ከፍታ የሚያዝዘውን የፖዚሽን ዘንግ ፓምፑ ያለማቋረጥ ወደሚገፋበት ቦታ ማድረስ ግድ ነው፤ ሥራው ሲያልቅ መመለስን አይርሱ፣ አለበለዚያ ፓምፑ ያለ ሥራ ሲደክም ይውላል። ክላቹ ባለ ሁለት ደረጃ ከሆነ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ፓምፑም እንደሚቆም ያስታውሱ፤ ተሳቢ እየገለበጡ ወደፊት ፈቀቅ ማለት የሚፈልግ ሰው ይህን ካላወቀ ይቸገራል።

አባል፣ ከሻሸመኔ፦ ለዚህ ዓይነት ትራክተር በፒቲኦ (በትራክተሩ የኋላ ማዞሪያ ዘንግ) የሚዞር ፓምፕ ከራሱ ታንከር ጋር መግጠም አይሻልም?

መልስ፦ ይሻላል፣ ብዙ ዘይት የሚፈልግ መሣሪያ ካለዎት። ፒቲኦው በደቂቃ 540 ዙር ስለሆነ ለአብዛኞቹ የማርሽ ፓምፖች ዝግ ይላል፤ ፍጥነት የሚያበዛ ማርሽ ቤት አብሮ ይገዛል። ትልቁ ጥቅሙ የተሳቢው ቆሻሻ ዘይት ከካምቢዮው ዘይት ጋር አለመቀላቀሉ ነው።

ጥያቄ፣ ከሮቤ፦ ዘይቱን በተመለከተ እኔ ካምቢዮው ውስጥ 40 ቁጥር የሞተር ዘይት ነው የምጨምረው። ጃኩም ይነሳል፣ ችግር አላየሁም። ለምን ውድ ዘይት ትላላችሁ?

አባል፣ ከባሕር ዳር፦ ወንድሜ፣ ፍሬንህ በዚያው ዘይት ውስጥ የሚሠራ ከሆነ የሞተር ዘይት ሸራውን ይጎዳዋል። የእኔ ትራክተር ፍሬን ሲያዝ ያጓራ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

አባል፣ ከሮቤ፦ የእኔ ፍሬን ደረቅ ነው፤ ዘይት አይነካውም። የፍሬን ጩኸት ደግሞ ከሸራው ማለቅ እንጂ ከዘይት አይመጣም።

አባል፣ ከባሕር ዳር፦ አዲስ ሸራ አስገብቼም ይጮኽ ነበር፤ ዘይቱን ስቀይር ነው የቆመው።

መልስ፦ የፍሬኑን ክርክር እዚህ ላይ እንተወው። ሁለታችሁም ስለ ሁለት የተለያዩ ትራክተሮች እያወራችሁ ነው። ለማርሽ፣ ለሃይድሮሊክና በዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሬን በአንድነት የተዘጋጀ የትራክተር ዘይት አለ፤ የአምራቹ መመሪያ የሚጠይቀው እርሱን ከሆነ የሚገባው እርሱ ነው። ከሮቤ ለጠየቁት ወንድሜ የምጨምረው፣ በባሌ ደጋ በማለዳ 40 ቁጥር ዘይት ወፍሮ ስለሚቆይ ፓምፑ እንደልብ አይስበውም፤ የሚያለቅስ ድምፅ ከሰሙ ፓምፑ ውስጡን እየበላ ነው። የፍሬን ዘይት ግን በምንም ሁኔታ አይግባ፤ ጎማዎቹን ሁሉ ያሳብጣል።

ጥያቄ፣ ከነቀምቴ፦ ትራክተሬ አያነሳም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የትኛው ትራክተር፣ ምን ዓይነት ፓምፕ፣ ምን ሲያነሳ፣ ከመቼ ጀምሮ? መግቢያው ላይ የጠየቅሁት ለዚህ ነበር። እነዚህን ጽፈው ይመለሱ።

ጥያቄ፣ ከፍኖተ ሰላም፦ ጃኬ 60 ሚሊ ሜትር ነው። ስንት ኩንታል ያነሳል? ካልቻለ ሪሊፍ ቫልቩን ላጥብቀው?

መልስ፦ የ60 ሚሊ ሜትር ፒስተን ስፋት 28 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በ150 ባር ጫና 4.3 ቶን ያህል ይገፋል። ይህ ግን የጃኩ ግፊት እንጂ የጭነቱ ክብደት አይደለም፤ ጃኩ ወደ ማጠፊያው በቀረበ መጠንና አጋድሞ በተኛ መጠን የሚያነሳው ይቀንሳል፣ ከሁሉም የሚከብደው የመጀመሪያው ብድግታ ነው። ሪሊፍ ቫልቩን አይንኩ። የብዙ ትናንሽ ትራክተሮች ሪሊፍ ከ140 እስከ 200 ባር ባለው ውስጥ ተስተካክሎ ይመጣል፤ መለኪያ ሳይገጥሙ ዊንጩን ማዞር ፓምፑንና የማንሻውን ቤት መስበር ነው። ካልቻለ ወፍራም ጃክ ይግጠሙ። ወፍራም ጃክ ደግሞ ዘይት ይበላል፤ 100 ሚሊ ሜትር ዲያሜትርና 1 ሜትር ምት (የሚወጣበት ርዝመት) ያለው ወደ 8 ሊትር ይዞ ይወጣል፣ ያ ከካምቢዮው ሲጎድል ፓምፑ አየር እንዳይስብ አስቀድሞ መታሰብ አለበት።

ጥያቄ፣ ከአዲስ አበባ፦ ቱቦና መጋጠሚያ ከሶማሌ ተራ ልገዛ ነው። ምን ልበል?

መልስ፦ ባለ ሁለት ሽቦ ቱቦ (በውስጡ ሁለት ድርብ የሽቦ ጥልፍ ያለው) ይበሉ። የግማሽ ኢንች ባለ ሁለት ሽቦ ቱቦ የሥራ ጫናው 275 ባር ሲሆን፣ ባለ አንድ ሽቦው 160 ባር ብቻ ነው። ጥርሱን ሳይለኩ ፊቲንግ አይግዙ። የግማሽ ኢንች የእንግሊዝና የአሜሪካ ጥርስ ሁለቱም በአንድ ኢንች 14 ናቸው፤ በእጅ ሲገቡ ይስማማሉ፣ የጥርሳቸው ማዕዘን ግን 55 እና 60 ዲግሪ ስለሆነ ሲጠብቁ ይበላላሉ፣ ያፈስሳሉ። ናሙናውን ይዘው ይሂዱ። ኦሪንግ ባለው ፊቲንግ ላይ ቴፍሎን አይጠቅልሉ፤ ብጫቂው ቫልቩ ውስጥ ገብቶ ስፑሉን (ዘይቱን የሚመራውን ተንሸራታች ዘንግ) ያንቀዋል።

ጥያቄ፣ ከቨርጂኒያ፦ አነስተኛ የኩቦታ ትራክተር ከፊት ሎደር ጋር አለኝ። ለኋላው ከሎደሩ ቫልቭ ልውሰድ?

መልስ፦ አዎ፣ ከሎደሩ ቫልቭ የፓወር ቢዮንድ መውጫ። አሁን ወደ ማንሻው የሚሄደውን ያን መስመር ወደ አዲሱ ቫልቭ መግቢያ ያምጡት፤ ከአዲሱ ፓወር ቢዮንድ ወደ ማንሻው ይመልሱት። የአዲሱ ቫልቭ መመለሻ ለብቻው ወደ ካምቢዮው ቤት ይግባ። ቅደም ተከተሉን ለአሰላው ጠያቂ ጽፌዋለሁ።

ጥያቄ፣ ከአሰላ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ፣ አንድ ልድገም። ባለ ሁለት ወገን ቫልቭ ብቻ ነው ያገኘሁት። ለባለ አንድ ወገን ጃኩ አንዱን አፍ ብደፍነውስ?

መልስ፦ ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። ከደፈኑት ሲነሳ ይሠራል፤ ሲያወርዱ ግን ፓምፑ ወደተደፈነው አፍ ይገፋና በሪሊፉ በኩል ዘይቱን ሲያሞቅ ይቆያል። ተንሳፋፊ ቦታ (የጃኩን አፎች ወደ መመለሻው የሚከፍት) ያለው ስፑል ከሆነ በእርሱ ያውርዱ፤ ያኔ የጃኩ ዘይት በተሳቢው ክብደት ብቻ ይመለሳል። ከሌለው ለአንድ ወገን የሚቀየር ስፑል ይፈልጉ።

ጥያቄ፣ ከቡሬ፦ እኔ የኅብረት ሥራ ማኅበራችንን ትራክተር የምከታተል ነኝ። ገጠማው አልቋል። መጀመሪያ ስናስነሳ ምን እንጠንቀቅ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሁሉም እንደ እርስዎ ከማስነሳቱ በፊት ቢጠይቅ ደስ ይለኝ ነበር። ሞተሩ በዝግታ ይዙር፤ ተሳቢው ባዶ ይሁን። ጃኩን ጥቂት አንስተው ያውርዱ፣ ይደጋግሙ፣ አየሩ ወደ ካምቢዮው ይወጣል። በዚህ ጊዜ ማንም ሰው ቱቦዎቹን በእጁ አይዳስስ። ከላይም ተናግሬ ቢሆን ኖሮ እደግመው ነበር፦ በመርፌ ቀዳዳ የሚያፈተልክ ዘይት ቆዳን በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል፤ ጓንት አያስቆመውም፤ ቁስሉ ነጥብ አክሎ ስለሚታይና መጀመሪያ ላይስ ብዙም ስለማያም ሰው ይንቀዋል፣ ነገር ግን በሰዓታት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ካላገኘ ጣት ወይም እጅ ያሳጣል። ሐኪም ቤት ሲደርሱም ጫና ያለው ዘይት መግባቱን ለሐኪሙ በግልጽ ይንገሩ። ፍሳሽ የሚፈለገው ካርቶን በመስመሩ አጠገብ በማሳለፍ ነው።

ሁለተኛው፣ የተነሳ ተሳቢ ሥር ማንም አይግባ፤ መግባት ካስፈለገ የብረት ድጋፍ ይቁምለት፣ ቫልቩ ዘግቶታል ብሎ መተማመን አይገባም። ቱቦ ከመንቀልዎ በፊት ተሳቢውን መሬት ያስይዙ፣ ሞተሩን ያጥፉ፣ ዘንጉን በሁለቱም አቅጣጫ ያንቀሳቅሱ። ከመጀመሪያዎቹ የሥራ ቀናት በኋላ ማጣሪያውን ይቀይሩ፤ ከአዲሶቹ ቱቦዎችና ከተሳቢው ጃክ የታጠበው ደቃቅ ብረት የሚያዘው እዚያ ነው። የዘይቱን መጠን ሲመለከቱም ተሳቢው ወርዶ፣ ክንዶቹም ወርደው ይሁን።