የተቆለፈውን ሃርድ ዲስክ ከመጣልዎ በፊት

ጥያቄ፦ ደብረ ሲና ላይ ፎቶ ቤት አለኝ። የወንድሜ አሮጌ ላፕቶፕ ማዘርቦርዱ ሲቃጠል ሃርድ ዲስኩን አወጣሁት። 500 ጊጋ ነው። የደንበኞቼን ፎቶ ላስቀምጥበት ብዬ በዩኤስቢ መያዣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ብሰካው ፓስወርድ አለው መሰለኝ፣ እምቢ አለኝ። ውስጡ ያለውን ፋይል አልፈልገውም። አንድ ጠጋኝ «በቃ ሞቷል፣ ጣለው» አለኝ። እውነት ነው? (የፎቶ ቤት ባለቤት፣ ከደብረ ሲና)

መልስ፦ አይጣሉት፣ ወንድሜ። ቁልፉ ምን ዓይነት እንደሆነ ገና አልታወቀም። ደብረ ብርሃን ላይ ኮምፒውተር ስጠግን በየጊዜው የሚገጥመኝ ይሄው ነው። ሰው ሁሉንም «ፓስወርድ አለው» ይለዋል፤ ቁልፎቹ ግን ለየቅል ናቸው።

የዊንዶውስ መግቢያ ፓስወርድ ከሆነ ዲስኩን አልቆለፈውም። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ ይከፈታል፤ ቢበዛ አንዳንድ ፎልደር ላይ ፈቃድ ይጠይቃል። ቢትሎከር (ዊንዶውስ ራሱ ዲስኩን የሚመሰጥርበት ቁልፍ) ከሆነ የዲስኩ ምልክት ላይ ትንሽ የቁልፍ ምስል ያያሉ፤ ፓስወርድ ወይም 48 አሃዝ ያለው ቁጥር ይጠይቅዎታል። እሱ ከሌለ ፋይሉ አይወጣም። ዲስኩን አጥፍቶ መጠቀም ግን ይቻላል።

አስቸጋሪው ባዮስ (ላፕቶፑ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው ማስተካከያ) ውስጥ ተገብቶ የሚደረገው የሃርድ ዲስኩ የራሱ ፓስወርድ ነው። የሚቀመጠው እዚያው ዲስኩ ላይ ስለሆነ ላፕቶፑ ቢቃጠልም አብሮት ይኖራል። ዲስኩ ስሙንና መጠኑን ያሳያል፤ ማንበብና መጻፍ ግን ይከለክላል። ፎርማት ማድረግም መጻፍ ነውና አይሠራም። «የዲስኩን ቦርድ ልቀይርልህ» የሚል ካለ ገንዘብዎን አይስጡት፤ ፓስወርዱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ውስጥ፣ መረጃው በሚቀመጥባቸው ክብ ሳህኖች ላይ ነው።

እንዴት ይለዩታል? የስታርት ምልክቱን በቀኝ ክሊክ ነክተው ዲስክ ማኔጅመንትን (የዊንዶውስ የዲስኮች ማስተዳደሪያ) ይክፈቱ። 500 ጊጋው ዲስክ እዚያ 465 ገደማ ሆኖ ይታያል፤ ይሄ ጉድለት አይደለም፣ የአቆጣጠር ልዩነት ነው። «ኢኒሻላይዝ» (ዲስኩን ለሥራ አዘጋጅ) ሲሉት የአይ ኦ (I/O፣ የማንበብና የመጻፍ) ስህተት አለብኝ ብሎ ከመለሰ የዲስኩ ፓስወርድ ሊሆን ይችላል። የተበላሸ ዲስክም እንዲሁ ያደርጋልና ወንድምዎን ይጠይቁ፦ ላፕቶፑ ሲበራ፣ ገና ዊንዶውስ ሳይመጣ ፓስወርድ ይጠይቀው ነበር? አዎ ካለና ካስታወሰው መንገዱ አጭር ነው። ዲስኩን ተመሳሳይ ሥሪት ላፕቶፕ ውስጥ ይግጠሙትና ባዮስ ገብተው ፓስወርዱን ያንሱት። የሌላ ፋብሪካ ላፕቶፕ ትክክለኛውን ፓስወርድ እንኳ ላይቀበል ይችላል፤ ሁሉም ፓስወርዱን የሚቀይርበት የየራሱ ዘዴ አለው። የዩኤስቢ መያዣም ብዙ ጊዜ ለዚህ አይሆንም። ካላስታወሰው ግን በዲስኩ ላይ ብዙ ገንዘብ አያውጡ።

አንድ ነገር ልለምንዎ። ከማጥፋትዎ በፊት ወንድምዎን «የምትፈልገው ፎቶ አለ?» ይበሉት። እርስዎ አልፈልገውም ያሉት የእሱ የልጁ ክርስትና ሊሆን ይችላል።

ዲስኩ መጻፍ የሚፈቅድ ከሆነ ማጥፋቱ ቀላል ነው። ኮማንድ ፕሮምፕትን (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) በአድሚኒስትሬተር ይክፈቱ። ዲስክፓርት (diskpart)፣ ቀጥሎ ሊስት ዲስክ (list disk) ብለው ይጻፉ፤ በላቲን ፊደል ነው። እዚህ ላይ አይቸኩሉ። የኮምፒውተርዎ ዲስክም 500 ጊጋ ከሆነ ሁለቱ ይመሳሰላሉ። ዩኤስቢውን ነቅለው እንደገና ሊስት ዲስክ ይበሉ። ከዝርዝሩ የጠፋው የሚፈልጉት ነው። መልሰው ሰክተው ቁጥሩን በድጋሚ ያረጋግጡ፣ በሰሌክት ዲስክ (select disk እና ቁጥሩ) ይምረጡት፣ ከዚያ ክሊን ኦል (clean all)። ይሄ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር በዜሮ ይሞላዋል። በዩኤስቢ 2 አራት አምስት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ መብራት ከሄደ እንደገና ነው የሚጀምሩት፣ ስለዚህ ባትሪው ደህና በሆነ ላፕቶፕ ይሥሩት። ፈጣኑ ፎርማት ፋይሉን አያጠፋውም፣ በቀላል ሶፍትዌር ተመልሶ ይወጣል። የፎቶ ቤት ዲስክ ደግሞ ከእጅ እጅ ይዞራል። ሲያልቅ ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ ኢኒሻላይዝ አድርገው ፎርማት ያድርጉት።

ከዚያ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ፕሮግራም ጤናውን ይዩ። 05 እና ሲ5 (C5) የሚሉት፣ የተበላሹና የሚያጠራጥሩ የዲስክ ቦታዎችን የሚቆጥሩት መስመሮች ላይ የመጨረሻው ቁጥር ዜሮ ካልሆነ፣ ወይም ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ካለ፣ የሰው ሠርግ አያስቀምጡበት። ጤነኛ ቢሆንም አሮጌ ነው፤ የደንበኛዎ ፎቶ ሌላ ቦታም ይኑር።