ከሞተሩ በፊት ሻንሲውን፦ አሮጌ ላንድክሩዘርና ላንድሮቨር ገዝቶ ስለማደስ ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ ለዛሬ ጥያቄ የምቀበለው እኔ ነኝ። ሥራዬ ሻንሲ (ቦዲውንና ሞተሩን የሚሸከመው የብረት አጽም) እና ባትላሜራ (የቦዲ ላሜራ ሥራ) ነው፤ ጋራዡ ዓለም ገና ነው። ስትጠይቁ የመኪናውን ሞዴል፣ የተሠራበትን ዓመትና በዓይናችሁ ያያችሁትን ጻፉ። የሞዴል ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልበል፤ እስከ መጨረሻውም እደግመዋለሁ። የሻንሲው ቁጥር ከሊብሬው ጋር ሳይመሳከር ቀብድ አይከፈልም። ለማየት ስትሄዱ ማግኔት፣ ትንሽ መዶሻ፣ ካቻቢቴ፣ ሜትርና የእጅ ባትሪ ያዙ።

የሱሉልታው፦ ጋሼ፣ የ1978 ላንድክሩዘር ኤፍጄ40 አግኝቻለሁ፤ ሞተሩ 2ኤፍ ቤንዚን ነው። አራት ዓመት ግቢ ውስጥ ቆሟል፣ ቀለሙ ግን አዲስ ነው። ሻጩ «ሞተሩ አልተነካም» ይላል። ከምን ልጀምር?

መላሽ፦ ከቀለሙ ጀምር። አራት ዓመት የቆመ መኪና ሊሸጥ ሲል ከተቀባ የተሸፈነ ነገር አለ። ማግኔቱን በስስ ጨርቅ ጠቅልለህ የኋላ ፓራፋንጎዎቹ (የጎማ መሸፈኛዎቹ) የታች ጫፍ ላይ፣ ከኋላ በሩ ሥር፣ የፊት መስታወቱ ፍሬም የታች ጠርዝ ላይና የጣሪያው ውሃ መውረጃ ላይ አስጠጋው። ላሜራው 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በላዩ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ስቱኮ (የላሜራ መሙያ ልስን) ካለ ማግኔቱ ይንሸራተታል፣ አለዚያም ይወድቃል። ይህ ግን ዋናው አይደለም፤ ላሜራ ተቆርጦ ይለወጣል።

ዋናው ከሥር ነው። ገብተህ በጀርባህ ተኛና ሻንሲውን ከፊት እስከ ኋላ በመዶሻ አንኳኳ። ጤነኛ ብረት ይጮሃል፤ የተበላ ብረት የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ድምፁ የተለወጠበት ቦታ ላይ ካቻቢቴውን ጫን አድርግ። ከገባ ያ ቦታ ከውስጥ አልቋል። በ40 ሞዴል ቀድመው የሚበሉት የኋላ ባሌስትራ (የተደራረበ የብረት ስፕሪንግ) ማንጠልጠያዎች፣ የመጨረሻው የኋላ አግዳሚና ቦዲው በጎማ የሚቀመጥባቸው እግሮች ናቸው፤ ጭቃ ገብቶ የሚቀረው እዚያ ነውና። ቀጥለህ ሜትርህን አውጣ። ከግራ የፊት ባሌስትራ ፒን እስከ ቀኝ የኋላ ባሌስትራ ፒን ለካ፤ ከዚያ በተቃራኒው ለካ። ልዩነቱ እስከ 5 ሚሊሜትር ከሆነ ጥሩ ነው። 10 ካለፈ መኪናው ተገልብጧል ወይም ተመትቷል። እንዲህ ያለ መኪና ጎማ ይበላል፣ መሪው ወደ አንድ ጎን ይጎትታል፣ በሮቹም በምንም ዓይነት ጥገና አይገጥሙም።

የሻንሲ ቁጥሩ በቀኝ የሻንሲ ክንድ የፊት ክፍል፣ በውጭኛው ገጽ ላይ ተመትቷል። በናፍጣና በሽቦ ብሩሽ አጽድተህ አንብበው። ዙሪያው የግራይንደር ጭረት ወይም የብየዳ ጠባሳ ካለው ዋጋ አትደራደር፤ ትተህ ሂድ።

የፊት ጎማዎቹንም ጀርባ እይ። መሪ ሲዞር የጎማው መያዣ በሚዞርበት የአክስሉ ጫፍ ኳስ ላይ ጥቁር ቀጭን ፈሳሽ ከወረደ የዲፈረንሻል ዘይት የውስጡን ኦይል ሲል (ዘይት የሚያግደውን ጎማ) አልፎ ከግራሶው (ከወፍራሙ ቅባት) ተቀላቅሏል። ይህ ላለመግዛት ምክንያት አይሆንም። ኦይል ሲል፣ በየጎኑ ሁለት ሁለት ኩሽኔታና ግራሶ ነው የሚፈልገው። ሲፈታ ግን ከላይና ከታች ያሉት ስስ የማስተካከያ ቆርቆሮዎች እንዳይቀያየሩ ለየብቻ ይታሰሩ። ከተቀያየሩ መሪው ይከብዳል፣ አለዚያም ጎማው ይርገበገባል።

የለገጣፎዋ፦ የኔ ላንድሮቨር ሲሪስ 3 ነው፤ ረጅሙ 109። ቦዲው አሉሚኒየም ስለሆነ ዝገት አያሳስብሽም ብለውኛል። እውነት ነው?

መላሽ፦ እህቴ፣ ብዙ ሰው ገንዘቡን ያጣው በዚህ አባባል ነው። አሉሚኒየሙ ልብስ ነው፤ አጥንቱ ብረት ነው። የላንድሮቨር ሻንሲ 2 ሚሊሜትር በሆነ ላሜራ እንደ ሳጥን ተበይዶ የተሠራ ስለሆነ ከውስጥ ወደ ውጭ ይዝጋል። ከውጭ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ አምሮ ይታያል፣ መዶሻው ግን ይበሳዋል። መጀመሪያ የኋላውን አግዳሚ እዪ፤ ቀጥሎ ከሻንሲው ወደ ጎን ወጥተው ቦዲውን የሚሸከሙትን ክንዶች እዪ። ሦስተኛው በሞተሩና በክሩስኮቶው (በዳሽቦርዱ) መካከል ያለው የብረት ግድግዳ ነው። የእግር ማሳረፊያው ሥርና የበር ማጠፊያው የሚታሰርበት አምድ ከተበሉ ሥራው ከባድ ነው፤ ግድግዳው ከቦታው 5 ሚሊሜትር ፈቀቅ ካለ በሮቹም ኮፈኑም አይገጥሙም።

አሉሚኒየሙም ቢሆን ብረት በነካው ቦታ ሁሉ ነጭ ዱቄት እያወጣ ይበላል። ስትገጥሚ በመካከላቸው ጎማ ወይም ቀለም ይግባ፣ የዛገ ቡሎን አይመለስ። ማግኔት በአሉሚኒየም ላይ አይሠራም፤ ነገር ግን ቦዲው ላይ የሆነ ቦታ ከያዘ እዚያ የብረት ላሜራ ተለጥፏል ማለት ነው። ቁጥሩ በቀኝ የፊት ባሌስትራ ማንጠልጠያ ላይ ነው። አደራ፣ ቀብድ ከመክፈልሽ በፊት።

የቡራዩው፦ ጋሼ፣ አሮጌ ላንድክሩዘር አሁን ስንት ያወጣል?

መላሽ፦ የትኛው? በምን ሁኔታ ያለ? ሊብሬ አለው? ለእንዲህ ያለ ጥያቄ መልስ የለኝም።

የቡራዩው፦ ይቅርታ። ኤፍጄ40 ነው፣ 2ኤፍ። ኮምፕሬሽን (የየሲሊንደሩን ግፊት) አስለካሁ፤ 112፣ 110፣ 115፣ 108፣ 112፣ 85 ፒኤስአይ ሆነ። የፋብሪካው መጽሐፍ 150 ገደማ ይላል። መካኒኩ «ሞተሩ ሞቷል፣ ሬቲፊካ (ሲሊንደር መሞረድ) ይግባ» አለኝ።

መላሽ፦ አሁን ጥያቄ ሆነ። ሞተር ግን የኔ አይደለም። የገላኑ ሞተር ሠሪ እዚህ ስላለ እሱ ይመልስ።

የገላኑ፦ ሞተሩ አልሞተም። የመጽሐፉ ቁጥር የተለካው በባሕር ወለል ነው። እኛ ያለንበት 2400 ሜትር ገደማ ነው፤ የአየሩ ግፊት በአንድ አራተኛ ያህል ያንሳል፣ ንባቡም አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ እዚህ 112 ማለት ጤነኛ ነው። አምስቱ ደህና ናቸው። ችግርህ ስድስተኛው ነው፤ በሲሊንደሮቹ መካከል የሚፈቀደው ልዩነት 14 ነው። ሞተሩን አሙቅ፣ ካንዴላዎቹን ሁሉ ፍታ፣ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ረግጠህ ባትሪው ሙሉ ሆኖ እንደገና ለካ። ከዚያ ስድስተኛው ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምረህ ድገም። ከፍ ካለ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ነው። ካልተነቃነቀ ቫልቭ ነው፤ ቴስታታውን (የሞተሩን ራስ) ከማስወረድህ በፊት የቫልቩን ክፍተት አስተካክል። ሞተሩ ሙቅ ሆኖ መግቢያው 0.20፣ መውጫው 0.35 ሚሊሜትር ነው። የተጣበበ ቫልቭ ብቻውን ንባቡን እዚያ ድረስ ያወርደዋል።

ራዲያተሩንም አትርሳ። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ጤነኛ ሞተርም እንጦጦን ሲወጣ ይፈላል።

የሰበታው፦ ለምን ይለፋል? 2ኤፍ ቤንዚን ይጠጣል። አውጥቶ 1ኤችዜድ ናፍጣ መግጠም ነው።

የገላኑ፦ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) አብሮ ካልመጣ አይገጥምም። የሞተር መቀመጫ ይበየዳል፣ ትራንስሚሲዮኑ (ከማርሽ ወደ ጎማ ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ) ይለካል፣ ራዲያተሩ ይለወጣል። 1ኤችዜድ ደግሞ ጊዜው ያልታወቀ የታይሚንግ ቀበቶ (የቫልቮቹን ጊዜ የሚያስጠብቅ) አለው፤ ገዝተህ ሳትለውጠው አትነዳም። 2ኤፍ በጊር ነው የሚሠራው፣ ቀበቶ የለውም።

የሰበታው፦ 2ኤች ይግባ እንግዲህ፤ እሱም በጊር ነው። ረጅሙ ኤችጄ47 ይዞት ነው የወጣው።

የገላኑ፦ ረጅሙ አዎ። አጭሩ 40 ግን ከፋብሪካ 2ኤች ይዞ አልወጣም፤ የአጭሩ ናፍጣ ባለ አራት ሲሊንደሩ ቢ፣ 2ቢ ወይም 3ቢ ነው።

የሱሉልታው፦ ቱርቦ ቢገጠምለትስ?

የገላኑ፦ 1ኤችዜድ ላይ ቱርቦ የጫነ ሰው የተሰነጠቀ ቴስታታ ይጠብቅ።

መላሽ፦ ከመንገዱ ወጣችሁ። ሞተር ስትለውጡ በሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥር አብሮ መለወጥ አለበት። ስለዚህ ሞተሩ ራሱ የግዢ ሰነድ ያስፈልገዋል። ሰነድ የሌለው ሞተር ከሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ ገዝቶ የገጠመ ሰው በዓመታዊ ምርመራው ቦሎ ሳያገኝ ይመለሳል። ለኔ ደግሞ ኦሪጅናሉ ሞተር ያለው መኪና ነው የሚታደሰው። ወደ ጥያቄዎቹ እንመለስ።

የሆለታው፦ የሻንሲ ቁጥሩ የት ነው የሚገኘው?

መላሽ፦ ከላይ ሁለት ጊዜ ተጽፏል። ቶዮታው በቀኝ የሻንሲ ክንድ ፊት፣ ላንድሮቨሩ በቀኝ የፊት ባሌስትራ ማንጠልጠያ ላይ። ሳታነቡ አትጠይቁ።

የሰንዳፋው አባት፦ ልጄ፣ ዋዝ 469፣ የሩሲያው ጂፕ፣ አለ የሚሉኝ አሉ፤ የጦር ሠራዊት የነበረ። ያዋጣል ወይ?

መላሽ፦ አባቴ፣ በመጀመሪያ ከጨረታ የወጣበት ሰነድና ሊብሬ ይጠይቁ፤ ካልታየ ይተዉት። የጦሩ ዋዝ በየጎማው ላይ ተጨማሪ ጊር ስላለው ከመሬት 30 ሴንቲሜትር ይነሣል። እነዚህ ጊሮች ለየብቻ ዘይት አላቸው፣ ኦይል ሲላቸው ሲያልቅ ዘይቱ ወደ ፍሬኑ ይገባል። አራቱንም ጎማ አስወልቀው ይዩ። ጎማው 8.40 በ15 ነው፤ በቀላሉ አይገኝም፣ ስለዚህ ደህና ጎማ ያለው ይምረጡ። ነዳጅ ታንኮቹ ከወንበሮቹ ሥር ናቸው፣ የታች ስፌታቸውን በእጅዎ ይዳብሱ።

የዱከሙ፦ ለወንበርና ለጣሪያ ሸራ ማን ጋ ልሂድ?

መላሽ፦ አላውቅም። የመጨረሻው ሥራ ነው፤ አሁን አታስበው።

የለገጣፎዋ፦ ሻጩ ባለቤቱ አይደለም፣ ውክልና ይዟል። ታርጋው የኦሮሚያ ነው፣ እኔ የምኖረው አዲስ አበባ ውስጥ ነው።

መላሽ፦ ውክልናውን ራስሽ አንብቢው። «መሸጥ» እና «ስም ማዛወር» የሚሉት ሁለቱም በግልጽ መጻፍ አለባቸው፤ «ማስተዳደር» ብቻ የሚል አይሸጥም። አለመሻሩን ከውልና ማስረጃ አጣሪ። ባለቤቱ ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፈቃድ፣ ካላገባ ያላገባ ማስረጃ ይጠየቃል። ባለቤቱ ከሞተ ውክልናውም አብሮት ሞቷል፤ ወራሾቹ ከፍርድ ቤት ማስረጃ ይዘው ይምጡ። ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን ፋይሉ ካለበት መሥሪያ ቤት አረጋግጪ። የእርዳታ ድርጅት የነበረ መኪና ከሆነ ቀረጥ የተከፈለበትን ሰነድ ጠይቂ፤ ሳይከፈል ከገባ ክፍያው አንቺ ላይ ይመጣል። ፋይሉን ወደ አዲስ አበባ ማዛወር ይቻላል፣ ግን ከማደስሽ በፊት ጨርሺው።

የሆለታው፦ ለመለዋወጫ የሚሆን አንድ ሙሉ መኪና ከውጭ ባስመጣስ?

መላሽ፦ በነዳጅ የሚሠራ መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ተከልክሏል። እዚሁ ያለውን ፈልግ።

የሰበታው፦ ሻንሲው ውስጥ የተቃጠለ ዘይት ማፍሰስ ዝገት ያቆማል ይባላል። እኛ ሰፈር ሁሉም ያደርገዋል።

መላሽ፦ እኔ አላደርገውም፣ ማንም እንዲያደርገው አልመክርም። የተቃጠለ ዘይት ከሞተሩ የወጣ አሲድ አለበት። የባሌስትራውን ጎማዎች ያለሰልሳል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ከሁሉ የከፋው፣ በኋላ ለመበየድ ስትሞክር ብየዳው አይይዝም፣ ውስጡም ይቀጣጠላል።

ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው። ባትሪውን ፍታ፣ ነዳጅ ታንኩን ከመኪናው አውጣ። በብዙዎቹ 40 ታንኩ ተሳፋሪው ወንበር ሥር ነው፤ እዚያ አጠገብ እሳት ማስነሣት ሞት ነው። የተበላውን ብረት ንጹሕ ብረት እስክታገኝ ድረስ ቁረጥ። ዝገት ላይ ላሜራ መለጠፍ ጥገና አይባልም፤ በሁለተኛው ክረምት ከዳር ዳር ይበላል። ለሻንሲ 3 ሚሊሜትር ብረት፣ 2.5 ሚሊሜትር 6013 ኤሌክትሮድና ከ60 እስከ 80 አምፒር ይበቃል። ጥገናውን ከላይ ወደ ታች ቀጥ ባለ መስመር አትበይድ፤ ሻንሲው በዚያው መስመር ይሰነጠቃል። ቁራጩን ሰያፍ ወይም አልማዝ አስመስለህ ቁረጠው። የሻንሲው ላይና ታች ገጽ ላይ ቀዳዳ አትብሳ። ሁለት አግዳሚ በአንድ ጊዜ አታውጣ፤ አንዱን ጨርስ፣ ሰያፉን (ከግራ ፊት እስከ ቀኝ ኋላና በተቃራኒው) እንደገና ለካ፣ ከዚያ ሌላውን።

የቦዲ ላሜራ በኤሌክትሮድ አይበየድም፣ ይቃጠላል። በሲኦቱ (በጋዝ የሚሠራ) ብየዳ ወይም በኦክሲጅን፣ ነጥብ ነጥብ እያደረግህ፣ ከአንዱ ነጥብ ወደ ሩቁ እየዘለልክ ሥራ። በአንድ መስመር ከሄድክ ላሜራው ይጣመማል፤ ያን ጊዜ ስቱኮ ትፈልጋለህ። የበሩን ሥር ከመቁረጥህ በፊት የበሩን ክፍተት በብረት ዘንግ ደግፈው፣ አለዚያ ቦዲው ይታጠፋል። ሲያልቅ ዝገቱን ጠርጎ ሁለት ጊዜ አንቲረስት፣ ከዚያ ቀለም፣ ለሻንሲው ውስጥ የቀለጠ ሰም። የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹን በሽቦ ክፈት።

የሱሉልታው፦ ኤፍጄ40ውን ከገዛሁት በገመድ እየጎተትኩ በእንጦጦ በኩል ዓለም ገና ላምጣው?

መላሽ፦ አይሆንም። አራት ዓመት የቆመ መኪና የፍሬን ሲሊንደሮቹ ተጣብቀዋል ወይም ያፈስሳሉ፤ በዚያ ቁልቁለት ገመድ አያቆመውም። በአይሱዙ ጭነህ አምጣው። ለማስነሣትም አትቸኩል። ካንዴላዎቹን ፍታ፣ በየሲሊንደሩ አንድ ማንኪያ ዘይትና ናፍጣ እኩል ቀላቅለህ ጨምር፣ አንድ ቀን አሳድር፣ በእጅ አዙረው። በነፃ ከዞረ በኋላ ነው ሞተሪኖ (ማስነሻ ሞተር) የምትጠቀመው። አሮጌውን ነዳጅ ሙሉ በሙሉ አፍስስ።

የሱሉልታው፦ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ካልጨረስኩት?

መላሽ፦ መረሬ (ጥቁር ጭቃማ) መሬት ላይ በጎማው አታቁመው፤ ይሰምጣል፣ ሻንሲው ከሥር እንደረጠበ ይከርማል። ድንጋይ ወይም ወፍራም እንጨት ከአክሱሉ ሥር አድርገህ ጎማውን ከመሬት አንሣ። ሸራው ቦዲውን እስከ መሬት አይሸፍነው፤ ከታች አንድ ክንድ ያህል ለአየር ተወው። ቁጥሩን አንብበህ ፎቶ ላክልኝ፤ ቀብድ ከዚያ በኋላ።