ወርድ ላይ አማርኛው ሁሉ ቀይ ለሚሆንባችሁ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። አንዲት እህት መስሪያ ቤት ውስጥ ጸሐፊ ናት፣ ወደ 90 ገጽ የሚሆን የአማርኛ ሪፖርት ወርድ ላይ ጽፋ ጨረሰች፣ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ከየቃሉ ስር ቀይ ጥምዝምዝ መስመር። አለቃዋ ደግሞ ቀዩን ባየ ቁጥር "ይሄ ሁሉ ስህተት ነው እንዴ?" እያለ ይመልስላታል። ራይት ክሊክ እያረገች አድ ቱ ዲክሽነሪ ስትል ሁለት ቀን ፈጀባት፣ አሁንም ቀይ ነው። ምን ላርግ ትላለች።

እህቴ መጀመሪያ አድ ማረጉን ተዪው፣ አያልቅም። "መስሪያ"ን ብታስገቢ "የመስሪያ"፣ "በመስሪያ"፣ "ከመስሪያው" ለሱ ሌላ ሌላ ቃል ናቸው፣ ግስ ከመጣማ በቃ፣ ከ"ሰበረ" ተነስተሽ "እንዳልሰበረችባቸው" ድረስ አንድ በአንድ ልታስተምሪው ነው? ደሞ ሲደክምሽ የተሳሳተውንም አድ ታረጊዋለሽ፣ ከዛ በኋላ ያንን ስህተት አንዴም አያሳይሽም። እስካሁን ያስገባሽውን ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ፕሩፊንግ፣ ከስተም ዲክሽነሪስ ገብተሽ ኤዲት ወርድ ሊስት ስትዪ ታገኚዋለሽ፣ አንዴ እይውና ጥፋቱን ሰርዢ።

ሁለተኛ፣ ፎንቱን ፈትሺ። አንድ አንቀጽ ምረጪና ፎንቱን ወደ ታይምስ ኒው ሮማን ቀይሪው። አማርኛው አማርኛ ሆኖ ከቀረ ዩኒኮድ ነው (ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር የሚሰጠው፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚግባቡበት አሰራር)፣ ደህና ነሽ። ወደ እንግሊዝኛ ፊደልና የምልክት ዝባዝንኬ ከተለወጠ ግን በድሮዎቹ የቪዥዋል ግዕዝ አይነት ፎንቶች የተጻፈ ነው ማለት ነው። የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው በፈረንጆቹ፣ ከዛ በፊት የነበሩት ፎንቶች በእንግሊዝኛው ፊደል ላይ የኛን ፊደል ስዕል ነበር የሚያለብሱት፣ ስለዚ አንቺ "ሰላም" ስታዪ ኮምፒውተሩ የሚያየው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ነው፣ ቀይ ቢያረገው አይፈረድበትም። እንዲህ ከሆነ መጀመሪያ በኮንቨርተር ወደ ዩኒኮድ አስቀይሪው፣ ከዛ በፊት ሌላ ነገር አትንኪ።

ዩኒኮድ ሆኖም ቀይ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ወርድ እንግሊዝኛ እየጻፍሽ ስለሚመስለው ነው። የዊንዶውሱን የአማርኛ ኪቦርድ ስትጠቀሚ ቋንቋው አማርኛ መሆኑ አብሮ ይመዘገባል፣ በሌላ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ከሆነ ግን ከታች ያለው የዊንዶውስ ኪቦርድ እንግሊዝኛ እንደሆነ ይቀራል፣ ጽሁፉም እንግሊዝኛ ተብሎ ይመዘገባል። ስለዚ ኮንትሮል ኤ ብለሽ ሁሉንም ምረጪ፣ ሪቪው፣ ላንጉዌጅ፣ ሴት ፕሩፊንግ ላንጉዌጅ። አምሃሪክን ፈልጊና ምረጪው፣ ከጎኑ ኤቢሲ የሚል ምልክት ከነራይቱ ካለው የአማርኛ ማረሚያው ኮምፒውተርሽ ላይ አለ፣ ከሌለው የለም፣ ስለዚ ዱ ኖት ቼክ ስፔሊንግ የሚለውን ራይት አርጊበት፣ ዲቴክት ላንጉዌጅ ኦቶማቲካሊ የሚለውን ደግሞ አጥፊው፣ እሱ ካልጠፋ ተመልሶ ይረብሽሻል። ኮንትሮል ኤ የግርጌ ማስታወሻና ሄደር ውስጥ አይገባም፣ እዛ ለብቻው ድገሚው። እንግሊዝኛ የሆኑትን አንቀጾች ብቻ ወደ እንግሊዝኛ መልሻቸው፣ እነሱ ይታረሙ።

ማረሚያው ቢኖርሽም ብዙ አትመኚበት። ስፔል ቼከር ቃሉ ዝርዝሩ ውስጥ አለ ወይስ የለም እንጂ ምን ለማለት እንደፈለግሽ አያውቅም። (ስልክ ላይ አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደል የምትጽፉ አይታችሁት ይሆናል፣ "እሺ"ን ይለውጥባችኋል፣ "ነው"ን ግን ዝም ብሎ ያሳልፈዋል፣ ኤን ኢ ደብሊው እንግሊዝኛ ነዋ!) እኛ ጋ ደሞ "ፀሐይ" ብቻውን በ12 አይነት ሊጻፍ ይችላል፣ ለመጀመሪያው ሁለት ፊደል አለ፣ ለሁለተኛው ሀ ሃ ሐ ሓ ኀ ኃ ስድስት። የትኛው ነው ልክ ቢባል ሊቃውንቱም ይከራከራሉ፣ ሶፍትዌሩ ከየት ያምጣው።

እኔ ራሴ የዛሬ አስር አመት ገደማ ለአንድ ማኅበር መጽሔት ሳዘጋጅ ፊደሉ ተዘበራረቀብኝና ኅን በሙሉ በሪፕሌስ ኦል (ሁሉንም ባንዴ በሚተካው) ህ አረግኩት፣ አንድ ደቂቃም አልፈጀ፣ ደስ ብሎኝ ወደ ማተሚያ ላክሁ። ታትሞ ሲመጣ ሦስተኛው ገጽ ላይ በትልቁ "ስለ ነፍሳችን ድህነት እንጸልይ" ይላል። ድኅነት ነበር፣ መዳን፣ እኔ ድህነት አረግኩት። 500 ኮፒ! ለእያንዳንዱ ትንሽ ወረቀት ቆርጠን በኮላ ስንለጥፍ አደርን። የትኛውም ማረሚያ ይሄን ቀይ አያረግም፣ ሁለቱም ቃል ናቸዋ።

ስለዚ የኔ አሰራር ይሄ ነው። ለሰነዱ የሚሆኑ አከራካሪ ቃላት ወረቀት ላይ ይያዙ፣ ሥራ ወይስ ስራ፣ ዓመት ወይስ አመት፣ አገር ወይስ ሀገር፣ አለቃሽ የሚወደውን ጠይቂና አንዱን ያዢ። (እዚህ እኔ ስ እያልኩ ነው፣ ለጓደኛ ስጽፍ አልጨነቅም።) ከዛ ኮንትሮል ኤች፣ ፈልጎ መተኪያው ይከፈትልሻል። ሪፕሌስ ኦልን አትንኪው፣ "ስራ"ን በ"ሥራ" ልቀይር ብለሽ እሱን ስትጫኚ እስራኤልም እሥራኤል ሆና ትመጣለች። ፋይንድ ሆል ወርድስ ኦንሊ ይሻላል እንዳትዪ፣ እሱ ደሞ "የስራ"ንና "በስራው"ን ዘሎ ያልፋል፣ የኛ ቃል ብቻውን አይቆምም። ፋይንድ ኔክስት እያልሽ አንድ በአንድ ሂጂ፣ 90 ገጽ ግማሽ ቀን ቢወስድ ነው።

በሪፕሌስ ኦል ያለ ስጋት የምቀይረው አንድ ነገር አለ፣ አራት ነጥቡ። ብዙ ሰው ሁለቴ ሁለት ነጥብ ይመታና "፡፡" ይላል፣ ላይን አንድ ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት ሌላ ምልክት ነው፣ ትክክለኛው "።" አንድ ምልክት ነው። "፡፡" ፈልጊ፣ በ"።" ተኪ፣ እሱ ማንንም አይጎዳም።

በመጨረሻ ፕሪንት አርጊና አንድ ሰው ዋናውን ይዞ ጮክ ብሎ ያንብብልሽ፣ አንቺ የተጻፈውን ተከተዪ። የስምና የቁጥር ስህተት የሚገኘው እዛ ጋ ነው።

አለቃሽን በተመለከተ፣ ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ፕሩፊንግ ገብተሽ ከታች ሃይድ ስፔሊንግ ኤረርስ ኢን ዚስ ዶክዩመንት ኦንሊ የሚለውን ራይት አርጊና ሴቭ። አብሮ ከፋይሉ ጋር ስለሚሄድ እሱ ኮምፒውተር ላይም ቀይ አይታይም። ከዛ በኋላ ስህተት አለ ካለ የትኛው መስመር ላይ እንደሆነ አንብቦ ይንገርሽ።