ሚረርለስ ወይስ ዲኤስኤልአር? ከድሬዳዋና ከሐረር የመጡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። ድሬዳዋ ከዚራ ነው የምኖረው፣ ሰርግና ልደት አነሳለሁ። ያለኝ ካኖን 80ዲ ነው፣ ከ18-135 ሌንስና ከ50 ሚሊሜትሯ ጋር። ፉል ፍሬም (ብርሃን የሚቀበለው ሰንሰሩ ትልቅ የሆነ ካሜራ) ለመግዛት ገንዘብ አጠራቅሜያለሁ። አንድ ነጋዴ ያገለገለ ካኖን 5ዲ ማርክ 4 (ዲኤስኤልአር፣ ውስጡ መስታወት ያለው) እና ያገለገለ ካኖን ኢኦኤስ አር (ሚረርለስ፣ መስታወት የሌለው) በተቀራረበ ዋጋ አቅርቦልኛል። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ግን ሚረርለስ ባትሪ ይጨርሳል፣ ትንሽ ካሜራ ይዘሽ ስትገቢም ደንበኛ ይንቅሻል ይለኛል። ሐረር ጀጎል ውስጥም ብዙ ሥራ አለኝ፣ ቤቶቹ ጨለም ይላሉ። የቱን ልግዛ?

መልስ፦ እህቴ፣ ኢኦኤስ አሩን ግዢ። ምክንያቱን ግን አብረን እንየው፣ አለበለዚያ ነገ ሌላ ሰው ሌላ ነገር ብሎሽ ልብሽ ይከፈላል።

በፎቶ ጥራት ሁለቱ እኩያ ናቸው። ሁለቱም 30 ሜጋፒክስል ናቸው፣ ሰንሰራቸውም በጣም ይቀራረባል። አልበም ላይ ታትሞ ማንም አይለያቸውም። ሁለቱም ከ80ዲሽ በተሻለ ጨለማን ይችላሉ፤ ሰንሰራቸው 36 በ24 ሚሊሜትር ስለሆነ በስፋት ከ80ዲው ሁለት ተኩል እጥፍ ይበልጣል። 50 ሚሊሜትሯም 80ዲ ላይ እንደ 80 ሆና ግድግዳ ላይ ታስለጥፍሽ ነበር፣ ፉል ፍሬም ላይ ግን ልኳን ታገኛለች፣ በጠባብ ክፍል ውስጥ ይሄ ብቻውን ትልቅ እፎይታ ነው።

አሁን ወደ ጀጎል እንግባ። የሐረሪ ቤት ውስጥ ሙሽራዋ ነደባው (ከፍ ያለው መቀመጫ) ላይ ተቀምጣለች፣ ከኋላዋ ግድግዳው ሙሉ በስፌትና በሳህን ተሸፍኗል፣ ብርሃኑ የሚገባው በዋናነት ከበሩ ነው። ካሜራው ለበሩ ሲያስብ ፊቷ ይጠቁራል፣ ለፊቷ ሲያስብ በሩ ይነጣል። 5ዲው ላይ በቪውፋይንደሩ (ዓይንሽን በምታስጠጊበት መመልከቻ) የምታዪው በመስታወት ተንጸባርቆ የመጣውን ብርሃን ስለሆነ ውጤቱን የምታውቂው ካነሳሽ በኋላ ነው። ኢኦኤስ አሩ ግን የሚወጣውን ፎቶ አስቀድሞ ያሳይሻል። አንድ ጎማ ታዞሪያለሽ፣ ፊቷ ሲበራ በዓይንሽ ታያለሽ፣ ከዚያ ትጫኛለሽ። ሙሽራ ቀለበት ስታደርግ ደግመሽ አድርጊ አይባልም፣ ለዚህ ነው ይሄን ያህል የማከብረው። (የሌላ ድርጅት ፍላሽ ስትሰኪ ስክሪኑ ከጨለመብሽ አትደንግጪ፣ ሜኑ ውስጥ ኤክስፖዠር ሲሙሌሽን የሚለውን አጥፊው።)

ሁለተኛው ፎከስ ነው። የ5ዲው 61 የፎከስ ነጥቦች መሃል ላይ የተሰበሰቡ ናቸው። ሙሽራዋን ጥግ ላይ ማስቀመጥ ከፈለግሽ ፎከስ አድርገሽ ካሜራውን ማዞር አለብሽ፣ ሌንሱን ሙሉ ከፍተሽ ስታነሺ ደግሞ በዚያች እንቅስቃሴ ዓይኗ ይደበዝዛል። ኢኦኤስ አሩ ፍሬሙን ሊሸፍነው ምንም አይቀረው፣ ዓይንንም ራሱ ፈልጎ ይይዛል። ስትገዢው ግን ሶፍትዌሩን አዘምኚ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የመጣው ማሻሻያ የዓይን ፎከሱን በደንብ አስተካክሎታል።

ባትሪውን በተመለከተ ልጁ እውነቱን ነው። በካምፓኒው ልኬት 5ዲው በአንድ ቻርጅ 900 ፎቶ ያነሳል፣ ኢኦኤስ አሩ 370። በሥራ ላይ ከዚያ በላይ ይሄዳል፣ ግን ልዩነቱ አለ። የምሥራቹ፣ የ80ዲሽ ባትሪ እዚያው ይሠራል። ሦስት አራት ይዘሽ ውጪ። በድሬ ሙቀት ደግሞ የተዘጋ መኪና ውስጥ ትተሻቸው አትሂጂ።

ልጁ ያላነሳው ግን እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር አለ። 5ዲው ሁለት የሜሞሪ ቦታ አለው፣ ኢኦኤስ አሩ አንድ ብቻ። ሜሞሪ ሲበላሽ የሰው ሰርግ ነው የሚጠፋው! 80ዲሽም አንድ ብቻ ስላለው ሥራውን ታውቂዋለሽ፣ አሁን ግን ሁለት ካሜራ ይኖርሻል፤ ዋና ዋናውን በሁለቱም አንሺ፣ ሜሞሪውን ከፋፍለሽ ተጠቀሚ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ላፕቶፕ ላይ ገልብጪ። ይሄን የማታደርጊ ከሆነ ምክሬን ተይውና 5ዲውን ውሰጂ፣ እሱም የሚያስቆጭ ካሜራ አይደለም።

ሌንስ ላይ ተጠንቀቂ። ከነጋዴው ጋር ስትነጋገሪ የኢኦኤስ አሩ አዳፕተር (ሌንሶችሽን ከካሜራው ጋር የሚያገናኘው ቀለበት) አብሮ ይሁን፣ ያለሱ ያሉሽ ሌንሶች አይገቡም። አዳፕተሩ ውስጥ የሌንስ መስታወት ስለሌለ ጥራት አይቀንስም። 18-135ቱ ግን ለትንሽ ሰንሰር የተሠራ ነው፤ 5ዲው ላይ ጭራሽ አይገባም፣ ኢኦኤስ አሩ ላይ ይገባል፣ ግን ፎቶው ወደ 12 ሜጋፒክስል ገደማ ይወርዳል። ለጊዜው ያሠራሻል። ቀጥሎ የምታጠራቅሚው ብር ለፉል ፍሬም ሌንስ ይሁን፤ ያገለገለ የካኖን 24-105 ብታገኚ ሰርጉን ከሞላ ጎደል ይጨርስልሻል።

አዳራሽ ውስጥ በኤልኢዲ መብራት ድምፅ አልባውን ሹተር አትጠቀሚ፣ ፎቶው ላይ መስመር መስመር ይወጣል። ኒካህ ወይም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግን ጸጥታው ያምራል። ደንበኛ ይንቅሻል የሚለውን እርሺው፣ ደንበኛ የሚያየው አልበሙን ነው።

ጥያቄ፦ ሐረር ነኝ። ኒኮን ዲ750 ከድሮ የዲ ሌንሶች ጋር አለኝ። ማታ ጅብ ሲመገብ አነሳለሁ። ወደ ሚረርለሱ ዜድ6 ልቀይር?

መልስ፦ አትቀይር ወንድሜ። የዲ ሌንሶችህን ፎከስ የሚያንቀሳቅሰው ካሜራው ውስጥ ያለው ሞተር ነው፣ የኒኮን ኤፍቲዜድ አዳፕተር ደግሞ ሞተር የለውም። በእጅህ ፎከስ ስታደርግ ልታመሽ ነው። የዜድ6 የእንስሳ ዓይን መለያም የተሠራው ለውሻና ለድመት ነው፣ ለጅብ አትመካበት። ዲ750 በደብዛዛ ብርሃን ፎከስ የሚይዝ ጠንካራ ካሜራ ነው። መሃለኛዋን ነጥብ ተጠቀም፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ትብነት) 6400 ድረስ ከፍ አድርግ፣ የሹተሩን ፍጥነት ከ1/250 ሰከንድ አታውርድ። ብሩ ካለህ የራሱ ሞተር ያለው 85 ሚሊሜትር 1.8 ሌንስ ግዛ፤ ነገ ሐሳብህን ብትቀይርም እሱ በአዳፕተሩ ዜድ6 ላይ ፎከስ ያደርጋል።