የታዮል ሞኖሌየር በ150 ዲግሪ፦ ለቀቀ ወይስ ተበላሸ?

የተጠየቀው፦ ወርቅ ላይ ያለ የዶዴካንታዮል (ባለ 12 ካርቦን ሰንሰለት፣ ጫፉ ላይ ሰልፈር ያለው ታዮል) ሞኖሌየር፣ ማለትም የአንድ ሞለኪውል ውፍረት ያለው ንብርብር፣ አየር ባለበት ምድጃ በ150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሰዓት ቆይቶ የውሃ ጠብታው ማዕዘን (ጠብታው ከገጹ ጋር የሚሠራው፤ ውሃው ሲዘረጋ ያንሳል) ከ108 ወደ 85 ዲግሪ ወረደ፤ ሞለኪውሎቹ ለቀቁ ማለት ነው? የሚችሉት የመጨረሻ ሙቀትስ ስንት ነው?

ማዕዘኑ ይህን አይነግርዎትም። ባዶ ወርቅ አየር ላይ ሲቆይ በካርቦን ቆሻሻ ስለሚሸፈን ውሃው አይዘረጋበትም፤ ስለዚህ 85 ዲግሪ ስላዩ ንብርብሩ አለ አይባልም። በሌላ በኩል ሰንሰለቶቹ ስለተዝረከረኩ ወይም ሰልፈሩ ኦክሳይድ ስለሆነ ብቻም ማዕዘኑ ይወርዳል። የሚለየው ኤክስሬይ ፎቶኤሌክትሮን ስፔክትሮስኮፒ፣ ማለትም በኤክስሬይ ተመትተው የሚወጡ ኤሌክትሮኖችን ኢነርጂ የሚለካው ዘዴ ነው። የሰልፈር 2ፒ ጫፍ 162 ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ከሆነ ሰልፈሩ ከወርቁ ጋር እንደተያያዘ ነው፤ 163.5–164 ላይ ያልታሰረ፣ 167–168 ላይ ኦክሳይድ የሆነ ነው። ጨረሩ ራሱ ንብርብሩን ስለሚጎዳ ሰልፈሩን ከሁሉም አስቀድመው ይለኩ።

"የመጨረሻ ሙቀት" የሚባል አንድ ቁጥር ግን የለም፤ ሙቀት ያለ ጊዜ አይነገርም። ቫኪዩም ውስጥ በሰከንድ 1 ኬልቪን እየጨመሩ ሲያሞቁ የመልቀቂያው ጫፍ (ብዙ ሞለኪውል የሚለቅበት ሙቀት) 480 ኬልቪን ላይ መጣ እንበል። የመልቀቂያውን ጫፍ ወደ ኢነርጂ በሚቀይረው በሬድሄድ ቀመር፣ ቅድመ-ኤክስፖኔንሻሉን (ሞለኪውሉ በሰከንድ ለመልቀቅ የሚሞክርበትን ብዛት) በሰከንድ 10 ትሪሊዮን ብለን ብንወስድ፣ ለመልቀቅ የሚያስፈልገው ኢነርጂ በሞል 130 ኪሎጁል ገደማ ነው። በዚህ ስሌት በ150 ዲግሪ ግማሹ በ13 ደቂቃ ይለቃል፤ በ100 ዲግሪ ግን 30 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ያቺ የ10 ትሪሊዮን ግምት በ100 እጥፍ ብትስት ኢነርጂው በ18 ኪሎጁል ይዛባል፤ ስለዚህ በአንድ የማሞቂያ ፍጥነት ብቻ አይርኩ፣ ከ0.2 እስከ 5 ኬልቪን በሰከንድ ባለው መካከል አራት ያህል ይሞክሩ።

ጫፉ የንብርብሩ ሽፋን ሲሳሳ ወደ ከፍተኛ ሙቀት ከሸሸ፣ ሞለኪውሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው እየወጡ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ያ ቀመር አይሠራም። የሞለኪውሎችን ክብደት በሚለካው ማስ ስፔክትሮሜትር ላይ ታዮሉ 202፣ ጥንዱ 402 ነው። እስከ 200 ብቻ የሚያነብ መሣሪያ ሁለቱንም አያይም፤ 57ን የመሰለ ስብርባሪ ደግሞ ከፓምፕ ዘይትም ይመጣል።

ብዙ ልኬት የሚበላሸው ግን በቴርሞካፕሉ (በሙቀት መለኪያው ሽቦ) ነው። የናሙናው መያዣ ላይ ከተበየደ የሚያነበው የመያዣውን ሙቀት ነው፤ ወርቁ የተቀባው ማይካ በሚባለው ማዕድን ላይ ከሆነ ደግሞ ማይካ ሙቀት በደንብ ስለማያስተላልፍ የወርቁ ፊት ወደ ኋላ ይቀራል። ወርቁ ሲሊከን ላይ በክሮሚየም የተጣበቀ ከሆነም ሲሞቅ ክሮሚየሙ በወርቁ ቅንጣቶች ድንበር ሾልኮ ወደ ላይ ይወጣል።

ለእርስዎ ናሙና አየሩን ከጨዋታ ያውጡ፦ በአርጎን ወይም በቫኪዩም፣ በ150 ዲግሪ፣ የተለያዩ ናሙናዎችን ለ5፣ ለ15 እና ለ60 ደቂቃ አሙቀው የሰልፈር 2ፒ ጫፍ ከወርቁ ጫፍ (4ኤፍ) ጋር ያለውን ጥምርታ ካልሞቀው ጋር ያወዳድሩ።