ጥያቄና መልስ፦ ከአጭር ሞገድ ወደ ኢንተርኔት

ጥያቄ፦ ቤቴ ውስጥ አጭር ሞገድ በጩኸት ተውጧል፤ የምከታተላቸው ጣቢያዎችም እየተዘጉ ነው። በኢንተርኔት ልስማ ብል ዳታ ይበላብኛል? ሬዲዮኔንስ ልተወው?

መልስ፦ ሬዲዮዎን አይተዉት። መጀመሪያ በባትሪ ድንጋይ ያስነሱትና የቤቱን መብራት ከቆጣሪው ያጥፉ። ጩኸቱ ከጠፋ፣ ምንጩ አብዛኛውን ጊዜ የስልክ ቻርጀር ወይም የኤልኢዲ አምፖል ነው፤ አንድ በአንድ እየነቀሉ ይለዩት።

ዳታን በተመለከተ፣ በሰከንድ 64 ኪሎቢት የሚያስተላልፍ ጣቢያ በሰዓት 29 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል፤ 128 ከሆነ እጥፉን። ለዜናና ለውይይት 64 ከበቂ በላይ ነው።

ጣቢያ ማደኑ ራሱ ለሚናፍቅዎት ግን ዌብኤስዲአር የሚባሉትን፣ ሌላ ቦታ ተተክለው በኢንተርኔት የሚከፈቱ የርቀት የሬዲዮ መቀበያዎች አጥብቀን እንመክራለን። በኔዘርላንድስ የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ መቀበያ ከ0 እስከ 29 ሜጋኸርዝ ያለውን በብሮውዘር ያሰማል። ድምፅ ካልመጣ ማስጀመሪያውን ይጫኑ፤ ብሮውዘሮች ያለ ፈቃድ ድምፅ አይለቁም። ፍሪኩዌንሲውን በኪሎኸርዝ ይጻፉ፣ ኤኤም ይምረጡ። ጎረቤት ጣቢያ ካፏጨበት ማጣሪያውን (መቀበያው የሚያሳልፈውን የፍሪኩዌንሲ ስፋት) ያጥብቡ፤ ካልበቃ ከኤኤም ወደ ዩኤስቢ (የሞገዱን የላይኛ ወገን ብቻ የሚያሰማ) ወይም ኤልኤስቢ (የታችኛውን ብቻ) ይቀይሩና ንጹሕ በሆነው ወገን ያዳምጡ። የሚሰሙት መቀበያው ባለበት ቦታ የሚደርሰውን እንደሆነ ግን አይርሱ፤ የሚፈልጉት ጣቢያ ከጠፋ ስርጭቱ ወደታለመበት አካባቢ የሚቀርብ ኪዊኤስዲአር የተባለ ሌላ ዓይነት የርቀት መቀበያ ይፈልጉ። እነዚህ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግዱት ጥቂት ሰው ስለሆነ ሞልተው ሊያገኟቸው ይችላሉ።

በተራ ሬዲዮ ላይ ወጥ የሆነ «ሽሽሽ» ብቻ የሚሰማበት ሰፋ ያለ ቦታ ካገኙ፣ ዲአርኤም የሚባለው ዲጂታል የሬዲዮ ስርጭት ሊሆን ይችላል፤ የሚፈታው መሣሪያ ወይም ሶፍትዌር ይፈልጋል።