26.875 ወይስ 27?

እህቴ፣ ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ልጅዎ የሳሎናችሁን ወለል በሜትር ለክቶ 6.25ን በ4.3 አባዛና 26.875 ካሬ ሜትር አገኘ፤ መምህሩ ግን ሰርዞ 27 አለው። «የደከመበትን ትክክለኛ ቁጥር ለምን ይቆርጡበታል?» ብለዋል። እዚሁ ጎንደር ፊዚክስ ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ይህን ቅሬታ ከተማሪም ከወላጅም ሰምቼዋለሁ። ሕጉ ብቻ እየተነገረ ምክንያቱ ስለሚታለፍ ቅሬታችሁ ተገቢ ነው።

ሕጉ አጭር ነው። ጉልህ አሃዝ የምንለው በልክ ተነብቦ የታወቀውን አሃዝ ነው። ልኬቶች ሲባዙ ወይም ሲካፈሉ፣ መልሱ ከሁሉም ያነሰ ጉልህ አሃዝ ካለው ልኬት የበለጠ አሃዝ አይይዝም። 6.25 ሦስት አለው፣ 4.3 ሁለት፤ መልሱም ሁለት ይይዛል።

ምክንያቱን ያስተማረኝ ድንጋይ ነው። በአካባቢያችን የሞላውን ጥቁር ባዛልት አንዱን ሰብሬ ስብርባሪውን ለሁለት ቡድን ሰጠሁና እፍግታውን (ክብደቱ ለይዘቱ፣ ማለትም ለያዘው ቦታ፣ ሲካፈል የሚገኘውን) ፈልጉ አልኳቸው። የመጀመሪያው ቡድን 84.6 ግራም መዝኖ፣ ውኃ ውስጥ ሲከተው 29 ሚሊ ሊትር ከፍ አደረገ፤ ካልኩሌተሩ 2.917241379 አለ። ሁለተኛው 66.2 ግራምን ለ23 አካፍሎ 2.878 አገኘ። ከአንድ ድንጋይ እንደመጣ እየነገርኳቸው፣ የኛ ይከብዳል፣ የናንተ ይቀልላል እያሉ ክፍለ ጊዜውን በክርክር ጨረሱት።

በማግስቱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋቸው፤ «29 ያላችሁት 28.5 ወይም 29.5 ቢሆን በዓይናችሁ ትለዩት ነበር?» አንለይም አሉ። እንደገና አካፈሉ። የአንዱ ቡድን መልስ ከ2.87 እስከ 2.97፣ የሌላው ከ2.82 እስከ 2.94 ተዘረጋ። የተጣሉበት ልዩነት በሙሉ እዚያ ውስጥ ጠፋ። ሁለቱም ያወቁት 2.9 ነበር። «ታዲያ ሦስተኛውን አሃዝ እንዴት እናገኘዋለን?» ያለችኝን ተማሪ እስከ ዛሬ አልረሳትም። ትልቅ ስባሪ ፈለግን፤ 339.4 ግራም፣ 118 ሚሊ ሊትር፤ ይዘቱ ሦስት አሃዝ ስለያዘ 2.88 ብለን መጻፍ ቻልን።

ልጅዎ እንዳይሳሳት ጥቂት ልጨምር። ከፊት ያሉ ዜሮዎች አይቆጠሩም፤ 0.0045 ሁለት ጉልህ አሃዝ ብቻ አለው። ተቆጥሮ የተገኘ ቁጥር፣ ለምሳሌ 12 ወንበር፣ ወይም 1 ሜትር 100 ሴንቲ ሜትር ነው የሚለው፣ መልሱን አይገድብም። ማጠጋጋት ያለበት በመጨረሻው መልስ ላይ ነው፤ በየመሐሉ ካጠጋጋ ስሕተቱ ይከማቻል። መደመርና መቀነስ ሌላ ሕግ አላቸው፤ እዚያ የሚታየው ከነጥብ በኋላ ያለው ቦታ ነው።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ሁለቱን ግድግዳዎች በዚያው በአንዱ የሜትር መለኪያ ከለካ፣ አንዱን እስከ ሴንቲ ሜትር አንብቦ ሌላውን እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ለምን አነበበ? ምናልባት 4.30 አንብቦ ዜሮዋን ዋጋ የላትም ብሎ ጥሏት ይሆናል። ዋጋ አላት፤ ሴንቲ ሜትሩንም አይቻለሁ ማለት ናት። እንደዚያ ከሆነ ሁለቱም ልኬቶች ሦስት ሦስት አሃዝ አላቸው፤ መልሱም 26.9 ካሬ ሜትር ነው። ዛሬ ማታ ሜትሩን ይዞ ያንን ግድግዳ ደግሞ ይለካውና ያገኘውን እዚሁ ይጻፉልኝ።